ሕጻናት በእንቅልፍ ላይ ጥርሳቸውን ሲያፋጩ፦ ወስፋት ነው ወይስ ሌላ?

አዲስ አበባ፦ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እስከ አብነትና ጌጃ ሰፈር ድረስ፣ በርካታ ቤተሰብ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ከልጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ነው። ነባሮቹ የቀበሌ ቤቶችም ሆኑ በፈረሱት መንደሮች ቦታ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ መኝታ ቤት አይተርፋቸውም። ትንሹ ሕጻን በእናትና አባቱ መካከል፣ ታላላቆቹ ደግሞ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ይተኛሉ። የቀላል ባቡሩ ጉዞ ቆሞ፣ ጎረቤትም ቴሌቪዥኑን ካጠፋ በኋላ ከሕጻኑ አፍ የሚወጣውን ድምፅ ወላጅ ሳይሰማው አይቀርም። ድምፁ በወፍጮ ላይ መጅ ያለ እህል ሲሄድ እንደሚሰማው ያለ፣ ደረቅና የሰሚውን ጥርስ የሚያጠርስ ነው።

ወላጅ በማግስቱ ጉዳዩን ለጎረቤት ወይም ለአያት ሲያዋይ የሚያገኘው መልስ በከተማም በገጠርም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ወስፋት አለበት፤ መድኃኒት ስጡት» ይባላል። አንዳንዱ ወደ መድኃኒት መደብር፣ አንዳንዱም ወደ ባሕል መድኃኒት ያመራል። ሕጻኑ ጥርስ በማብቀል ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ ድዱን ለባሕል ጥርስ አውጪ ማሳየት የሚመክርም አይጠፋም። ጥርስ ማፋጨት በአብዛኞቹ ሕጻናት ላይ ጉዳት ሳያስከትል ከዕድሜ ጋር የሚተው ነገር ነው። ልጆችን ይበልጥ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ድምፁን ለማስቆም ተብሎ የሚወሰደው ርምጃ ነው።

በሕክምናው ዓለም ጥርስ ማፋጨት «ብሩክሲዝም» ይባላል። ቃሉ ጥርስ ማፋጨትን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በእንቅልፍ ላይ የሚከሰተው ሲሆን፣ ሁለተኛው ልጁ ነቅቶ ሳለ፣ በተለይ በአንድ ነገር ተመስጦ ወይም ተናድዶ ጥርሱን ሲነክስ የሚታየው ነው። በትንንሽ ልጆች ዘንድ ወላጅን የሚያስጨንቀው በአብዛኛው የሌሊቱ ነው።

ለማፋጨት የላይና የታች ጥርስ ያስፈልጋል። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ከ6 እስከ 10 ወር፣ የላይኞቹ ደግሞ ከ8 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይበቅላሉ። ስለዚህ ብዙ ወላጆች ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት ልጁ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው። በዚህ ዕድሜ ሕጻኑ ነቅቶም ያፋጫል፤ በአፉ ውስጥ አዲስ ጠንካራ ነገር አግኝቷልና እየሞከረው ነው። ምላሱን ያሳልፍበታል፣ ጣቱን ይነክስበታል፣ አንዱን በሌላው ላይ ይፍቃል። ይህ እጁን እያየ እንደሚጫወተው ሁሉ አካሉን የማወቅ ሂደት ነው። ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች በቅለው የሚያልቁት በሁለት ዓመት ተኩልና በሦስት ዓመት መካከል ሲሆን፣ መንጋጋ ጥርሶች ሲጨመሩ ድምፁም ይበረታል።

ምን ያህል ሕጻናት እንደሚያፋጩ በአንድ ቁጥር መናገር አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ ከ3 ነጥብ 5 እስከ 40 ነጥብ 6 በመቶ የሚደርስ ልዩነት አግኝቷል። ልዩነቱ የሰፋው አብዛኞቹ ጥናቶች የተመሠረቱት ወላጅ በሰጠው መልስ ላይ በመሆኑ ነው፤ ልጁ በሌላ ክፍል የሚተኛበት ቤተሰብ ላይሰማ ይችላል፣ በአንድ አልጋ የሚተኛው ግን ሁሉንም ይሰማል። ያም ሆኖ ግምገማው ያረጋገጠው አንድ ነገር አለ፤ ዕድሜ ሲጨምር የሚያፋጩ ልጆች ቁጥር ይቀንሳል። በወንዶችና በሴቶች ልጆች መካከልም ልዩነት አልተገኘም።

ለምን ያፋጫሉ?

ቀደም ባሉት ዓመታት የጥርስ ሐኪሞች ምክንያቱ የላይና የታች ጥርሶች በትክክል አለመግጠማቸው እንደሆነ ያምኑ ነበር። አሁን ይህ አስተሳሰብ ደጋፊ ማስረጃ አጥቷል። የእንቅልፍ ጥናቶች እንደሚያሳዩት መነሻው ጥርሱ ሳይሆን አንጎል ነው። እንቅልፍ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አይዘልቅም፤ ከከባድ ወደ ቀላል፣ ከቀላል ወደ ከባድ ይመላለሳል። በዚህ መመላለስ መካከል አንጎል ለጥቂት ሰከንዶች በከፊል ይነቃል፤ የልብ ምት ይፈጥናል፤ ተከትሎም የመንጋጋ ጡንቻዎች ይኮማተራሉ። ልጁ ግን አይነቃም፤ ጠዋት ሲጠየቅም የሚያስታውሰው ነገር የለም። ከወላጆች አንዱ በልጅነቱ ያፋጭ ከነበረ ልጁም ማፋጨቱ የተለመደ ነው።

እነዚህን አጫጭር መንቃቶች የሚያበዛ ነገር ሁሉ ማፋጨትንም ሊያበዛ ይችላል። ከእነዚህ መካከል ሐኪሞች አጥብቀው የሚፈትሹት የትንፋሽ መታፈንን ነው። ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫ በስተጀርባ ያለው አዴኖይድ የተባለው ዕጢ ያበጠበት ልጅ በአፉ ይተነፍሳል፣ ያንኮራፋል፣ አንዳንዴም ትንፋሹ ለሰከንዶች ይቋረጥና እየተንሰፈሰፈ ይቀጥላል። በሲጋራ ጭስ በታፈነ ቤት ውስጥ የሚተኙ ልጆችም ይበልጥ እንደሚያፋጩ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። በገጠር ምድጃው ከመኝታው ሳይለይ ሲቀር ጭሱ የልጁን አፍንጫና ጉሮሮ ስለሚያስቆጣ እንቅልፉን ያውካል። ጭንቀትም ድርሻ አለው። አዲስ ወንድም ወይም እኅት መወለዱ፣ ትምህርት ቤት መጀመሩ፣ ቤት መቀየሩ፣ በወላጆች መካከል ያለ ጠብ ልጁ በቃል ባይናገረውም በእንቅልፉ ይታያል። ከቀያቸው ተፈናቅለው በተጨናነቀ መጠለያ የሚያድሩ ሕጻናትም ቢያፋጩ የሚያስገርም አይደለም።

ወስፋትና ጥርስ

ወስፋት በአማርኛ ትል ብቻ አይደለም። የራበው ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል። በሆድ ውስጥ የሚኖርና የሚጠይቅ ነገር እንዳለ ቋንቋው ራሱ ይናገራል። ከዚህ በመነሣት ልጅ በእንቅልፉ ሲያኝክ የታየ እንደሆነ ትሉ ምግብ እየጠየቀ ነው ብሎ ማሰብ ሩቅ መንገድ አልነበረም። እምነቱ በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነም አይደለም፤ በብዙ አገሮች የሚኖሩ እናቶች ተመሳሳይ ነገር ይላሉ።

ይሁን እንጂ የሆድ ትል ጥርስ ማፋጨትን እንደሚያመጣ የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም። ትል ያለባቸው ብዙ ልጆች አያፋጩም፤ የሚያፋጩ ብዙ ልጆችም ትል የለባቸውም። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ተገናኝተው መታየታቸው ደግሞ አያስደንቅም፤ በአገራችን ሁለቱም በልጆች ዘንድ የተለመዱ ናቸውና። በፊንጢጣ አካባቢ ሌሊት የሚያሳክክ ጥቃቅን ትል ያለበት ልጅ እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ በዚህ በኩል ማፋጨቱ ሊብስ ይችል ይሆናል። ለዚህ ግን ምልክቱ ማሳከኩ ነው። የሆድ መነፋት፣ የክብደት አለመጨመር፣ በዓይነ ምድር ላይ ትል መታየት፣ የፊት መገርጣት ትልን ለመጠርጠር በቂ ምክንያቶች ናቸው። የጥርስ ድምፅ ብቻውን አይደለም።

የትል መድኃኒት በራሱ ጠቃሚ መሆኑ አያጠያይቅም። በኢትዮጵያ ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕጻናት ከቫይታሚን ኤ ጋር በየ6 ወሩ መድኃኒቱን እንዲያገኙ ሲደረግ ቆይቷል። ለትምህርት ዕድሜ የደረሱት ደግሞ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተጀመረው የትምህርት ቤት መርሐ ግብር ይዳረሳሉ። አልቤንዳዞል ከ2 ዓመት በላይ ላሉት 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ሲሰጥ፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ላሉት ግማሹ ነው። ዓመት ያልሞላው ሕጻን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን ሊወስድ አይገባም። ችግሩ የሚመጣው ማፋጨቱ ሳይቆም ሲቀር ወላጅ «አልሠራም» ብሎ በየወሩ እየገዛ ሲደጋግም ነው። መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥርሱ ግን መጀመሪያውኑም የእርሱ ጉዳይ አልነበረም።

የበለጠ አደጋ ያለው በባሕል መድኃኒቱ ላይ ነው። የኮሶ ዛፍ አበባ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለዘመናት የታመነ መድኃኒት ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። እንቆቆና መተሬም ለዚሁ ይውላሉ። እነዚህ ሁሉ ግን የታወቁት ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶ ትል በማስወጣት ነው። ቁርጥ በልቶ የማያውቅ የአሥር ወር ሕጻን ይህ ትል ከየት ይመጣበታል? ወስፋት የሚባለው ከአፈርና ካልታጠበ አትክልት በዕንቁላል መልክ የሚገባው ትል ሌላ ዓይነት ነው። ኮሶ መጠኑ ሲበዛ ለአዋቂ እንኳ ከባድ ማስመለስና ተቅማጥ ያስከትላል፤ የዓይን ነርቭን ጎድቶ ለዓይነ ስውርነት እንደዳረገም በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድ ተመዝግቧል። ለሕጻን የሚሆን የታወቀ መጠን የለውም። በማንኪያ ተለክቶ «ትንሽ ነው» ተብሎ የሚሰጠው ነገር ለአሥር ኪሎ አካል ትንሽ ላይሆን ይችላል።

ትልን መከላከል ለሚፈልግ ቤተሰብ ይበልጥ የሚጠቅመው እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ጫማ ማድረግ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀምና ጥሬ የሚበላውን አትክልት በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። አዲስ አበባ ለሚገኝ ቤተሰብ የመጨረሻው በተለይ ያስፈልጋል፤ ወደ ከተማዋ ገበያ ከሚገባው ሰላጣና ጎመን ከፊሉ የሚለማው በተበከለው የአቃቂ ወንዝ ውኃ ነውና።

ድዱን የሚነካ እጅ

ጥርስ ማብቀል በሚጀመርበት ዕድሜ የሕጻኑ አፍ የሁሉንም ዓይን ይስባል። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፣ ይነጫነጫል። በዚሁ ጊዜ ተቅማጥና ትኩሳት ሲጨመሩበት በብዙ የአማራ ክልል አካባቢዎችና በከተማም ጭምር የሚሰጠው ስም «ግግ» ነው። ድዱ ላይ ያበጠው ቦታ በቢላ፣ በሽቦ ወይም በምስማር ተፈልፍሎ ከውስጡ ነጭ ለስላሳ ነገር ይወጣል። አውጪው ለእናትየዋ ያሳያታል፤ «ትሉ ይኸው» ይላታል። እርስዋም አይታ ታምናለች።

ያ ነጭ ነገር ትል አይደለም። ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ ጥርስ ነው። ክራንቻዎች ከድድ በላይ ብቅ የሚሉት ከ16 ወር በኋላ ቢሆንም ድዱን ከውስጥ ገፍተው እብጠት የሚመስል ጉብታ የሚሠሩት ከወራት በፊት ነው። ከእነዚህ ሥር ደግሞ ልጁ ወደፊት ሲያድግ የሚያወጣቸው የቋሚ ክራንቻዎች ቡቃያ አለ። ምስማሩ የላይኛውን ብቻ ለይቶ አይነካም። ቋሚው ክራንቻ የሚበቅለው ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ጥርሱ ጠምዞ ወይም ተበላሽቶ ሲወጣ፣ ወይም ጨርሶ ሳይወጣ ሲቀር፣ ከአሥር ዓመት በፊት የሆነውን ከዚህ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም። አውጪውም የእጁን ውጤት አያይም። ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ልጆች መካከል ይህ የደረሰባቸውን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የወተት ክራንቻዎች መጉደላቸውንና አጠገባቸው ያሉ ጥርሶችም መበላሸታቸውን መዝግበዋል።

ይህ ገና ከሞት የተረፈው ልጅ ታሪክ ነው። የደም መፍሰስ፣ የደም መመረዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ እንዲሁም ከልጅ ወደ ልጅ በሚዞር ስለት የሚተላለፉ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ከዚሁ ድርጊት ጋር ይመጣሉ። የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር የወተት ጥርስ ማስነቀልን ከእንጥል ማስቆረጥ ጋር በአገር አቀፍ ደረጃ ካጠናቸው ድርጊቶች መካከል አድርጎታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ከአንቀጽ 561 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት የሕጻናትን ሕይወትና አካል አደጋ ላይ መጣልን በወንጀልነት ደንግጓል።

ተቅማጡስ ከየት መጣ? ጥርስ በሚበቅልበት በ6ኛው ወር ሕጻኑ ከጡት ሌላ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፤ ብዙም ሳይቆይ ይድሃል፤ ያነሣውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ተቅማጡን የሚያመጣው ከዚህ ጋር የሚገባው ተሕዋስ ነው። መፍትሔው በየጤና ኬላውና ጤና ጣቢያው የሚገኘው ኦ አር ኤስ ነው፤ ዚንክ ደግሞ ከ6 ወር በላይ ላሉት በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ለታናናሾቹ 10 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ጡት ማጥባት አይቋረጥም። ለሚያሳክከው ድድ ንጹሕና ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ ጨርቅ እንዲያኝክ መስጠት ወይም በታጠበ ጣት ማሸት ይበቃል። ድድ የሚያደነዝዙ ቅባቶች ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕጻናት አይመከሩም።

ሌሊቱን ማቅለል

ለሚያፋጭ ጤነኛ ሕጻን የሚታዘዝ መድኃኒት የለም። ልጁን ቀስቅሶ መቆጣትም አይረዳም፤ የሚያደርገውን አያውቀውምና ቁጣው ጭንቀት ብቻ ይጨምርበታል። ድምፁ ሲበረታ ሳይቀሰቅሱ ቀስ አድርጎ ወደ ጎኑ ማዞር ይቻላል። ከዚያ በላይ የሚሠራው ሥራ ቀን ቀን ነው።

ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ይህ ቀላል አይደለም። አባት ከሥራ የሚገባው፣ ቴሌቪዥን የሚከፈተው፣ እንግዳ የሚመጣው በዚያው ልጁ በሚተኛበት ሰዓትና ክፍል ነው። ቢያንስ መብራቱን ማደብዘዝ፣ ድምፁን መቀነስ፣ የመኝታውን ሰዓት በየቀኑ አንድ ማድረግ ይቻላል። ልጅን ለማስተኛት ስልክ መስጠት እየተለመደ መጥቷል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ላሉት ስክሪን ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ገላን ለብ ባለ ውኃ ማጠብ፣ ተረት መንገርና እሹሩሩ ማለት ለሕጻኑ ከማንኛውም ስክሪን የተሻለ ማረጋጊያ ነው።

ምሽት ላይ ዳቦን በሻይ ነክሮ ማብላት በከተማ ቤቶች የተለመደ እራት ነው። ሻይ፣ ቡናና ኮካ ካፌይን ስላላቸው የልጁን እንቅልፍ ያሳሳሉ። ሻይ በተጨማሪ ከምግብ የሚገኘውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል። አያቶች ቡና የሚጠጣ ልጅ ጭራ ያበቅላል እያሉ ሲያስፈራሩ የኖሩት ምክንያቱን ባያስቀምጡትም ውጤቱ ግን መልካም ነበር።

የጥርሱን መበላት በተመለከተ የወተት ጥርስ ሽፋን ከቋሚው ጥርስ ሽፋን ስስ ስለሆነ፣ በሚያፋጭ ልጅ ላይ የክራንቻዎቹ ጫፍ ተልጎ ጠፍጣፋ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ልጁ ትኩስና ቀዝቃዛ ሲነካው ካላመመው፣ ጥርሱም ካልተሰነጠቀ ይህ በራሱ ሕክምና አይፈልግም፤ ጥርሱ ጊዜውን ጠብቆ ይወልቃል። ለአዋቂዎች የሚሠራው የጥርስ መከላከያ ፕላስቲክ ለትንንሽ ልጆች አይመከርም፤ መንጋጋቸው እያደገ፣ ጥርሳቸውም እየተለወጠ ስለሆነ ዛሬ የገጠመው ከጥቂት ወራት በኋላ ያጠብቃል። ጥርስን የሚያበላሸው ከማፋጨት ይልቅ ጣፋጭ ነገር ነው። ከመጀመሪያዋ ጥርስ ጀምሮ በለስላሳ ብሩሽ በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፣ የፍሎራይድ ሳሙናውም ከ3 ዓመት በታች ላሉት የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ በላይ ላሉት የአተር ፍሬ ያህል እንዲሆን ይመከራል። የወይራ መፋቂያ ለትንሽ ልጅ ድድ ሻካራ ነው።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በየሌሊቱ ከፍ ባለ ድምፅ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚመለስ ልጅ መመርመር አለበት። የሚታከመው ጥርሱ ሳይሆን ጉሮሮው ወይም አፍንጫው ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጠዋት ራሱን ወይም ጆሮውን የሚያመው፣ ማኘክ የሚከብደው፣ ጥርሱ የተሰነጠቀ ልጅም እንዲሁ። ቀን ቀን ሳያቋርጥ የሚያፋጭና በንግግርም ሆነ በመራመድ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረ፣ ወይም ይናገር የነበረውን የተወ ልጅ ስለ ዕድገቱ ምርመራ ያስፈልገዋል። የአንጎል ጉዳት፣ ዳውን ሲንድረምና ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ማፋጨት ይበዛል።

ከማፋጨት ጋር ሰውነቱ የሚገተር ወይም የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ ወደ ላይ የሚሰቀል፣ ቢጠሩትም የማይሰማ ልጅ የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ጥርስ ያላበቀለ ጨቅላ ደግሞ ከመወለዱ በኋላ ለሁለት ቀናት በደንብ ሲጠባ ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ መንጋጋው ተቆልፎ መጥባት ካቃተው ጉዳዩ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕጻናት መንጋጋ ቆልፍን ማስወገዷ በ2009 ዓ.ም. ቢረጋገጥም፣ ባልተከተቡ እናቶችና ንጹሕ ባልሆነ ወሊድ በሽታው ዛሬም ይከሰታል።

በልደታ የሚኖር ቤተሰብ በቅድሚያ የወረዳውን ጤና ጣቢያ ቢያማክር፣ ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ በክፍለ ከተማው ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። በገጠር የመጀመሪያዋ ተጠያቂ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። በአማራ ክልል የጥርስ ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የጥርስ ሕክምና ይሰጣል። ሐኪሙ የማይሰማውን ድምፅ ወላጅ በቃል ከሚተርክ ይልቅ የሌሊቱን በስልክ ቀርጾ ቢወስድ ይመረጣል፤ የልጁን ደረትና ፊት የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ማፋጨትን ከትንፋሽ መታፈንና ከሚጥል በሽታ ለመለየት ይረዳል።

ሐኪሙ ቶንሲሉን፣ የጥርሶቹን ጫፍና የልጁን ክብደት ካየ በኋላ ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት ሊያሰናብት ይችላል። ወላጅ ቀጥሎ በጥንቃቄ መጠበቅ ያለበት 6ኛውን ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ከወተት ጥርሶቹ በስተጀርባ፣ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አራት መንጋጋ ጥርሶች ይበቅላሉ። ምንም ስላልወለቀ ብዙ ቤተሰብ እነዚህንም የወተት ጥርስ ይመስሉታል። ቋሚዎች ናቸው፤ ወደ ጣራ የሚወረወሩ አይደሉም። ልጁ ከዚያ በኋላም በየሌሊቱ የሚያፋጭ ከሆነ በየ6 ወሩ የጥርስ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።